ከባትሪው በፊት ሥራውን መመጠን፦ የቤት ኮምፒውተር መጠባበቂያ ኃይል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሀገሪቱ ዐበይት የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች ወደ መዲናዋ በሚገቡባቸው አቅጣጫዎች የሚገኙ ናቸው። ከግልገል ጊቤ ሁለት የሚነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር መድረሻው ሰበታ ነው። ከጣና በለስ የሚመነጨውን ኃይል በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚያመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሱሉልታ ላይ ያርፋል። ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ በደዴሳ በኩል አልፎ ከቡራዩ በስተምዕራብ፣ በዚያው በአምቦ መንገድ ላይ ወደምትገኘው ሆለታ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ በተከራየው ክፍል ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቋረጥበታል፤ አልፎ አልፎም ከነአካቴው ይጠፋበታል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የቤት ኪራይ ከመሀል አዲስ አበባ ስለሚቀል በርካታ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ጀማሪ መምህራን ይኖሩባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ቀኑን በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ ወይም በአምስት ኪሎ ግቢ ውለው ማታ በአየር ጤና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ጽሑፍ የሚጻፈው፣ መረጃ የሚተነተነው፣ ከአማካሪ ጋር በበይነ መረብ የሚደረገው ውይይት የሚካሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይኸው ሰዓት ራት የሚሠራበት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚበራበትና የየሰፈሩ ትራንስፎርመር ሸክሙ የሚከብድበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የመጠባበቂያ ኃይል ጉዳይ ለእነዚህ ተመራማሪዎች የምቾት ጥያቄ ሳይሆን ጥናትን በጊዜው የማጠናቀቅ ጥያቄ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አስተያየት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ተመራማሪ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት የትኛው ሥራ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ዋት ሳይቋረጥ መቀጠል እንዳለበት ሊወስን ይገባል። ይህ ውሳኔ ሲቀድም የሚያስፈልገው ባትሪ ብዙዎች ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ሳይቀድም ሲቀር ደግሞ ከተማሪ ኪስ የወጣው ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ የማይሠራ የእርሳስ ክምር ይሆናል።

መቋረጡ ከየት ይመጣል?

የኤሌክትሪክ አቅርቦት ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል የተባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተሰጠው ይህን ልዩነት በመከተል ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስት ግድብ የውሃው መጠን በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ጎድሎ በሀገር አቀፍ ደረጃ የፈረቃ ሥርዓት መታወጁ ይታወሳል። ያ የማመንጨት እጥረት ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በዚህ በኩል የነበረው ስጋት በእጅጉ ቀልሏል።

በቤት ውስጥ የሚታየው መቋረጥ ግን በአብዛኛው የሦስተኛው ደረጃ ችግር ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ረጅም ርቀት ተጉዞ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይወርዳል። መስመሩ ኃይል የሚያገኘው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ቢወድቅበት ወይም ምሰሶ ቢዘም ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር ሁሉ ይጨልማል። ከተሞቹ ከመስመሮቻቸው ፈጥነው አድገዋል፤ ለጥቂት ቤቶች የተተከለ ትራንስፎርመር ዛሬ ወፍጮ ቤት፣ የብየዳ ሥራና ባለ ብዙ ክፍል ኪራይ ቤቶችን ይሸከማል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም 50 ዋት የሚወስዱ ከ60 እስከ 80 ላፕቶፖችን ያህላል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የኢነርጂ ተደራሽነት ጥናት እንዳመለከተው ከዋናው መስመር ጋር ከተገናኙት የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሳምንት ከ4 እስከ 14 ጊዜ መቋረጥ ይገጥማቸው ነበር። ግድብ መገንባት ይህን ብቻውን አይፈውሰውም፤ የማከፋፈያ መረብ መልሶ መገንባት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ተመራማሪው ደግሞ ጽሑፉን የሚያቀርብበት ቀን የተቆረጠ ነው።

ሦስት ችግር፣ ሦስት መድኃኒት

«መብራት ጠፋ» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ክስተቶችን በአንድነት ይጠራል። አንደኛው ድንገተኛ መጥፋት ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በሴኮንድ ክፍልፋይ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፤ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ወይም ሃርድ ዲስክ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው ረጅም መጥፋት ነው። ሥራው ባይጠፋም ምሽቱ ይባክናል። ሦስተኛው መብራት ሳይጠፋ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ቮልቴጁ ከ220 እየወረደ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ወይም የጠፋው ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ ዕቃ ያቃጥላል።

እነዚህ ችግሮች መድኃኒታቸው ይለያያል። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃ ኃይል ብቻ ነው። ለሁለተኛው ለሰዓታት የሚዘልቅ ክምችት ያስፈልጋል። ለሦስተኛው የሚፈለገው ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ወይም ይህን ሥራ በውስጡ የያዘ ዩፒኤስ ነው። በተግባር የሚታየው ስሕተት ለመጀመሪያው ችግር የተሠራን ዕቃ ገዝቶ ሁለተኛውን እንዲፈታ መጠበቅ ነው።

በየኮምፒውተር መደብሩ የሚሸጠው አነስተኛ ዩፒኤስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካርቶኑ ላይ 650 የሚል ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ ግን ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚሸከመውን በቮልት-አምፔር ይገልጻል እንጂ ለስንት ጊዜ እንደሚሠራ አይናገርም። በውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ አንዲት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ነች፤ ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት-ሰዓት ይሰጣሉ። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው ኃይል ስለሚያንስ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ሲሰካበት አዲሱ እንኳ አሥር ደቂቃ መድረሱ ያጠራጥራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዕቃው የተሠራው ፋይል አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ነውና ሥራውን ፈጽሟል።

የቮልቴጅ መዋዠቅ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። ማስተካከያ የሌለው ዩፒኤስ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ መብራት እንደጠፋ ቆጥሮ ወደ ባትሪው ይዞራል። አምፖሉ እየበራ ባትሪው ያልቃል፤ እውነተኛው መጥፋት ሲመጣ ዩፒኤሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የሚገዛ ሰው ከአቅሙ ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፦ ዕቃው ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ ባትሪ ሳይነካ ከፍ ያደርጋል ወይስ አያደርግም?

ሥሌቱ

የሥራውን መጠን ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ካለ በአንድ ምሽት ይታወቃል፤ ከሌለም በዕቃው ጀርባ ወይም በቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው መነሣት ይቻላል፤ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ እውነተኛው ፍጆታ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ለጽሑፍና ለመጠነኛ ትንተና የሚያገለግል ላፕቶፕ 40 ዋት፣ የበይነ መረብ ራውተር 10 ዋት ይወስዳል ይባል። ድምሩ 50 ዋት ነው። አራት ሰዓት ለሚቆይ መጥፋት 200 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ኢንቨርተር ከሚቀበለው ኃይል የተወሰነውን በሙቀት ስለሚያባክን፣ ብቃቱ 85 በመቶ ቢሆን ከባትሪው የሚወጣው 235 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከአቅሙ ግማሽ በላይ ባይራገፍ ይመረጣል፤ ስለዚህ 470 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባለ 12 ቮልት 40 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል። በሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቢሠራ፣ እስከ 80 በመቶ መራገፍ ስለሚችል ባለ 12.8 ቮልት 25 አምፔር-ሰዓት ይበቃል።

አሁን በላፕቶፑ ምትክ 150 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕና 25 ዋት የሚወስድ ስክሪን ይቀመጥ። ከራውተሩ ጋር 185 ዋት ነው። ለተመሳሳይ አራት ሰዓት 740 ዋት-ሰዓት፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 870 ዋት-ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ይህ በእርሳስ አሲድ 145 አምፔር-ሰዓት፣ በሊትየም አይረን ፎስፌት 85 አምፔር-ሰዓት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ክብደቱ ከ40 ኪሎ ግራም የማያንስ፣ በተከራዩት ክፍል ጥግ የሚቀመጥና ቤት ሲቀየር ሸክም የሚሆን ዕቃ ነው። ሥራው አልተለወጠም፤ የተጻፈው ምዕራፍ ያው ነው። የተለወጠው የሚሠራበት ማሽን ብቻ ሲሆን የባትሪው መጠን ግን ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል።

ከዚህ ሥሌት የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። የመጀመሪያው የመጠባበቂያ ኃይል ላፕቶፑ ራሱ ነው። ባትሪው ደክሞ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው የሚዘጋ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሌላ ነገር ከመግዛቱ በፊት የላፕቶፑን ባትሪ ቢቀይር ከ40 እስከ 60 ዋት-ሰዓት ክምችት ያገኛል፤ ለጽሑፍ ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያቆይ፣ ኢንቨርተርም ሆነ ተጨማሪ ሽቦ የማይፈልግ ክምችት ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ከፍ አድርጎ በራውተሩ ቻርጀር መልሶ ወደ 12 ማውረድ ውሃ ቀድቶ ወደ ምንጩ እንደ መድፋት ነው። ለራውተር ተብሎ የተሠራ አነስተኛ የቀጥተኛ ኃይል መጠባበቂያ ያለ ኢንቨርተር ለሰዓታት ያቆየዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ለማሟላት የሚገዛው ባትሪ ትንሽ ይሆናል።

የባትሪው ዓይነትና የከተሞቹ ከፍታ

የእርሳስ አሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ካበጀው ወዲህ መሠረታዊ ባሕርዩ አልተለወጠም። ርካሽ ነው፤ በየቦታው ይገኛል። ነገር ግን ተራግፎ ከቆየ የእርሳስ ሰልፌት በሳህኖቹ ላይ ይጋገርና አቅሙ ይሞታል። ሙሉ በሙሉ ለመሙላትም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ለአምስት ሰዓት መጥቶ ለአምስት ሰዓት በሚጠፋበት ሳምንት ሞልቶ አያውቅም። ሊትየም አይረን ፎስፌት በአንጻሩ በከፊል ተሞልቶ መቆየት አይጎዳውም፤ በፍጥነት ይሞላል፤ አምራቾችም ከ2,000 ዙር በላይ እንደሚያገለግል ይገልጻሉ፤ ተራው የእርሳስ አሲድ ግማሹን እየተራገፈ የሚሰጠው ግን ጥቂት መቶ ዙር ነው። ከላይ በተሠላው ምሳሌ ባለ 40 አምፔር-ሰዓቱ የእርሳስ ባትሪ በ400 ዙር 96 ኪሎ ዋት-ሰዓት፣ ባለ 25 አምፔር-ሰዓቱ የሊትየም ባትሪ በ2,000 ዙር 512 ኪሎ ዋት-ሰዓት በዕድሜያቸው ይሰጣሉ። ስለዚህ ሁለተኛው በሦስት እጥፍ ቢወደድ እንኳ፣ መብራት በየቀኑ ማለት በሚቻልበት ሁኔታ በሚጠፋበት ሰፈር ርካሹ እርሱ ነው። መጥፋቱ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን የእርሳሱ ባትሪ ይበቃል። ምርጫው የሚወሰነው በሰፈሩ የመጥፋት ድግግሞሽ ነው እንጂ በሻጩ ምስክርነት አይደለም።

ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚገኙ ሲሆን ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር ትልቃለች። ይህ ለባትሪው መልካም ነው፤ የእርሳስ አሲድ ባትሪን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት በደጋ አያስጨንቅም። ለኢንቨርተሩ ግን መልካም አይደለም። ለዩፒኤስና ለኢንቨርተር የሚሰጠው የአቅም ቁጥር እንደ ተለመደው የሚጸናው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን የማስወገድ ኃይሉ ይቀንሳል። በሱሉልታ አንድን ኢንቨርተር እስከ ሙሉ አቅሙ መጫን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ፈጥኖ ያሞቀዋል። ሲገዛ ቢያንስ አንድ አምስተኛ ትርፍ አቅም መያዝ፣ በልብስ ወይም በመጽሐፍ ክምር ሥር አለማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በአንዳንድ ቤቶች የሚታይ ሌላ ልማድም ሊነሣ ይገባዋል። ይኸውም የአነስተኛ ዩፒኤስን ባትሪ አውጥቶ በምትኩ የመኪና ባትሪ ማገናኘት ነው። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፤ አፈጻጸሙ ግን በሦስት በኩል ይከሽፋል። የዩፒኤሱ ትራንስፎርመር ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት እንዲሠራ አልተመጠነም። የመሙያው ኃይል አንድ አምፔር ገደማ በመሆኑ 60 አምፔር-ሰዓት ያለውን የመኪና ባትሪ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ እንጂ ለረጅም ጊዜ ቀስ ብሎ ለመራገፍ አይደለም። ከሁሉ በላይ ክዳኑ ክፍት የሆነ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ከአየር 4 በመቶ ሲደርስ የሚቀጣጠል ስለሆነ በመኝታ ክፍል ሊቀመጥ አይገባም። የትኛውም ባትሪ ቢሆን ከአዎንታዊ ጫፉ አጠገብ ፊውዝ ያስፈልገዋል፤ ሽቦውም ከሚያልፍበት ኃይል ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት።

ዋጋ የማይጠይቀው ክፍል

ከባትሪ የሚበልጥ አንድ መጠባበቂያ አለ፤ እርሱም የሥራ ልማድ ነው። በየአምስት ደቂቃው ራሱን የሚያስቀምጥ ጽሑፍ ድንገተኛ መጥፋት ቢደርስበት የሚያጣው ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። ለሰዓታት የሚሠራ የስታቲስቲክስ ወይም የሞዴል ፕሮግራም ውጤቱን በየእርከኑ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ከተጻፈ ከቆመበት ይነሣል፤ ካልተጻፈ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ዩፒኤስ ባለበት ቤት በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩን በሥርዓት የሚዘጋው እንደ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ያለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ገመዱ ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚቀርበት ዩፒኤስ ግን ብዙ ነው።

ከባዱን ስሌት መለወጫ ጄኔሬተር ወዳለበት ስፍራ ማዛወርም ይቻላል። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ሥራውን አስጀምሮ ከቤቱ በላፕቶፕ ቢከታተለው፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርጉ እንደ ቲመክስ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ያኔ ቤት ውስጥ መቆየት ያለበት 50 ዋት ብቻ ይሆናል። ራውተር መብራቱ እየበራ የኔትወርክ ምሰሶው ባትሪ አልቆ መስመር የሚጠፋበት ጊዜ ስለሚኖርም፣ የሚያስፈልጉ ጽሑፎችንና መረጃዎችን አስቀድሞ በላፕቶፑ ላይ ማኖር የዚሁ ልማድ አካል ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ይሻላል የሚል ነው። የራሱ ቤትና ጣሪያ ላለው ሰው የፀሐይ ኃይል በእርግጥ ጥሩ አማራጭ ነው። ይሁንና እዚህ የሚነሣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ቆጣሪ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የሚጋራ፣ ውሉ ሲያልቅ ዕቃውን ጭኖ የሚሄድ ነው። ጣሪያ ላይ ለመትከል የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቤንዚን ጄኔሬተርም በተጠጋጋ ግቢ ውስጥ ድምፁ ጎረቤት ያውካል፤ ጭሱ የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝግ ቦታ ይገድላል። ለተከራይ የሚስማማው በእጅ ተነሥቶ የሚሄድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ተማሪ ከኪሱ ባትሪ እንዲገዛ መምከር የተቋምን ግዴታ በግለሰብ ትከሻ ላይ መጣል ነው፤ መፍትሔው የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራዎች ሌሊቱን ክፍት እንዲሆኑ ማድረግ ነው ይባላል። ክፍት ቢሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰበታ የሚመለስ ሰው የመጨረሻውን ታክሲ ማሰብ አለበት፤ ለሴት ተማሪዎች ደግሞ የምሽቱ መንገድ ከሰዓቱም በላይ የደኅንነት ጥያቄ አለው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ተቋማት ሲዘጉ የምርምር ሥራ ከቤት እንደሚሠራ በግልጽ ታይቷል። ያኔ የተጀመረው የበይነ መረብ ምክክርና ሴሚናር ዛሬም አልቀረም። ቤት የምርምር ቦታ መሆኑ ከታመነ፣ የቤቱ ኃይልም በከፊል የተቋሙ ጉዳይ መሆኑ መታመን አለበት።

የትምህርት ክፍሎች ድርሻ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በብር ሲታሰቡ ይበልጥ ተወድደዋል። ተማሪው ተሳስቶ የመግዛት አቅም የለውም። በዚህ ረገድ የትምህርት ክፍሎች ብዙ ወጪ ሳያወጡ ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ።

አንደኛው እንደ መጻሕፍት ሁሉ ዕቃ ማዋስ ነው። ጥቂት የዋት መለኪያዎችና ተንቀሳቃሽ የሊትየም መጠባበቂያዎች በትምህርት ክፍሉ መዝገብ ገብተው፣ የማቅረቢያ ጊዜያቸው ለደረሰ ተማሪዎች በየተራ ቢሰጡ አንዱ ዕቃ በዕድሜው ብዙ ጽሑፎችን ያስጨርሳል። ሁለተኛው ልኬት ነው። የአስተማማኝነት መለኪያዎች እንደ ልማድ የሚሠሉት በመጋቢ መስመር ደረጃ ነው፤ በአንድ የቡራዩ ሰፈር ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቮልቴጁ ስንት እንደሚደርስ አይናገሩም። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ደቂቃ፣ የቮልቴጁንም መጠን የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ በየቤታቸው ያኖሩ ሠላሳ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ቢመዘግቡ ለምሕንድስናም ለኢኮኖሚክስም የሚበቃ የጥናት መረጃ ይገኛል። ባትሪ ለመምረጥ የሚያስፈልገው ያ ድግግሞሽ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ ባትሪ መሰብሰብ ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ ተጋላጭነት መጠን አልታወቀም። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሥራ ላይ ቢሆንም፣ በተግባር የደከመ ባትሪ ለቁራሌው ይሸጥና በግቢ ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ ይቀልጣል፤ አሲዱ ሕፃናት በሚጫወቱበት አፈር ላይ ይደፋል። ጥናቱን በባትሪ ብርሃን የጨረሰ ተቋም ባትሪው ሲያልቅ የት እንደሚደርስ ማወቅም ይጠበቅበታል።

የማከፋፈያው መረብ የሚሻሻልበት ቀን ይመጣል፤ ሆኖም በዚህ ሴሚስተር ጽሑፉን ለሚያቀርብ ተማሪ አይደርስለትም። እርሱ ዛሬ ማታ ሊያደርግ የሚችለው አለ፦ የዕቃዎቹን ዋት በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ለሁለት ሳምንት መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት መመዝገብ፣ የላፕቶፑን ባትሪ መፈተሽ፣ ፕሮግራሙ በየእርከኑ ውጤቱን እንዲያስቀምጥ ማድረግ። ወደ ገበያ የሚወጣው ይህ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ የሚገዛውም ትንሽ ይሆናል።